ስንተኛ ወጣህ?

በእኛ አገር ካርዱን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠየቀው ምን እንደተማረ አይደለም፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ጥያቄው ከአባት ይጀምርና በአጎት፣ በጎረቤት፣ በክርስትና አባት በኩል አልፎ ልጁ መንገድ ላይ እስከሚያገኘው የማያውቀው ሽማግሌ ድረስ ይደርሳል። ካርዱም ለዚሁ የተሰናዳ ነው፤ ከድምርና ከአማካይ ቀጥሎ «ደረጃ» የምትባል ሳጥን አለችው። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ከአንደኛ እስከ ስልሳኛ እያንዳንዱ ቁጥሩን ይዞ ይወጣል። አንደኛው በቁጥሩ ይሸለማል። አርባ ሦስተኛው ግን አርባ ሦስተኛ በመሆኑ ምን እንደሚያደርግበት እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

እኔ በእንጀራዬ የባንክ ሠራተኛ፣ በምኞቴ ገጣሚ ነኝ። ዲግሪዬ የአካውንቲንግ ነው። ፕሮግራም መጻፍን የተማርኩት ዘግይቼ፣ ከሥራ በኋላ፣ ቢቸና ውስጥ መብራት በማይጠፋባቸው ምሽቶች ነው። (ትምህርቱ ለምን ረዥም ጊዜ እንደወሰደብኝ አንባቢዬ ከዚህ ይረዳልኛል።) በዚያ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ጥበብ በሁለት ቃላት መካከል ያለ ልዩነት ነበር፤ በመምረጥና በመደርደር መካከል።

መደርደር ማለት የተሰጡህን ነገሮች በሙሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል ማሰለፍ ነው። መምረጥ ማለት ከመካከላቸው የተፈለገውን ብቻ መለየት ነው፤ ትልቁን፣ ወይም መካከለኛውን፣ ወይም የተሻሉትን አሥር። ሲያዩት የሚቀራረቡ ይመስላሉ። «አሥሩን ለማግኘት መቼም ሁሉንም መደርደር አለብኝ» ብሎ የማያስብ ጀማሪ ጥቂት ነው። ነገር ግን ምስር የምትለቅም እናት ይህን ከማናችንም በፊት አውቃዋለች። ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጠሩንና እንክርዳዱን ታወጣለች እንጂ የምስሩን ፍሬ ከትልቅ ወደ ትንሽ አታሰልፈውም። ለወጡ አይጠቅመውማ!

ሁለቱንም ስልቶች ለዓለም በአንድ ላይ ያበረከተው ሰው ታሪክ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን ሳያስደስት አይቀርም ብዬ አምናለሁ። ቶኒ ሆር የሚባለው እንግሊዛዊ ኦክስፎርድ ውስጥ የተማረው ሒሳብ ሳይሆን የላቲንና የግሪክ ጥንታዊ ጽሑፎችን፣ ከዚያም ፍልስፍናን ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. ግድም ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ እንግዳ ተማሪ ሆኖ ሳለ የሩሲያን ቋንቋ በኮምፒውተር ወደ እንግሊዝኛ ስለመተርጎም ማሰብ ጀመረ። መዝገበ ቃላቱ የተቀመጠው በመግነጢስ ክር ላይ፣ በፊደል ተራ ነው። ክሩን ለእያንዳንዱ ቃል ወዲያና ወዲህ ከማጠንጠን የዓረፍተ ነገሩን ቃላት አስቀድሞ በፊደል ተራ ደርድሮ ክሩን አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ ይሻላል። ፈጣን የተባለው የመደርደሪያ ስልት፣ «ኩዊክሶርት»፣ ከዚህ ችግር ተወለደ። የቃላት ችግር ነበር ማለት ነው፤ የቁጥር አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. ይህን ሲያሳትም አብሮ ሌላ አጭር ስልት አሳተመ፤ ስሙንም «ፋይንድ»፣ ማለትም «ፈልግ» አለው። ይህ ሁለተኛው የሚመርጠው ነው።

የሁለቱ አካሄድ ሲጀመር አንድ ነው። ከክምሩ አንዱን ታነሣለህ፤ ከእርሱ የሚያንሱትን ወደ ግራ፣ የሚበልጡትን ወደ ቀኝ ትለያለህ። የሚደረድረው ስልት ከዚያ በኋላ ወደ ግራውም ወደ ቀኙም ክምር ተመልሶ ያንኑ ይደግማል። የሚመርጠው ግን «የምፈልገው በየትኛው ወገን ነው?» ብሎ ይጠይቅና ሌላውን ወገን እንደተዘበራረቀ ትቶት ይሄዳል። የጥበቡ ምሥጢር ያ መተው ነው። እኛም ባንክ ውስጥ ንጹሕ ብር የሚፈልግ ደንበኛ ሲመጣ ያረጀውን ካልተበላሸው እንለያለን እንጂ ኖቶቹን በእርጅናቸው መጠን አናሰልፍም።

ለኮምፒውተር በእርግጥ ይህ ሁሉ ጭንቅ አይደለም። ጥቂት ሺህ መስመር ያለውን ሰንጠረዥ አንዲት ቁልፍ ተጭነህ ብታስደረድረው ዓይንህን ከመጨፈንህ በፊት ይጨርሳል፤ አሥሩን ለማየት አራት ሺሁን ደረደርክ ብሎ የሚወቅስህም የለም። ልዩነቱ የሚያምመው አንዱን ከሌላው ማነጻጸር ዋጋ ሲኖረው ነው። ሁለት ቁጥሮችን ማነጻጸር ዋጋ የለውም። ሁለት ግጥሞችን ማነጻጸር ግን አንድ ምሽት ሊፈጅ ይችላል።

ወደ ጉዳዬ መጣሁ።

በ2011 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንድ ላይ ሆነው ለተማሪዎች የግጥም ምሽት አሰናዱ። ስምንት ግጥሞች ተመርጠው በመድረክ ይነበባሉ ተባለ። ከቢቸና 37፣ ከሞጣ 27፣ በድምሩ 64 ግጥሞች መጡ፤ ሁሉም በእጅ የተጻፉ፣ አብዛኞቹ ከደብተር የተገነጠሉ። ዳኞቹ ሦስት ነበርን፤ አንድ የአማርኛ መምህር፣ ሞጣ የሚኖር ጓደኛዬና እኔ። አዘጋጆቹም የለመዱትን ጠየቁን። «ከአንደኛ እስከ ስልሳ አራተኛ ደረጃ አውጡና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ያነባሉ» አሉን።

በዚያች ሌሊት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቁጭ አልኩ። 64 ነገሮችን ሁለት ሁለቱን እያነጻጸሩ በትክክል ለመደርደር የቱንም ያህል ብልህ ብትሆን በክፉው አጋጣሚ ከ296 ንጽጽር በታች አይበቃህም፤ ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ወለል ነው። ብልሃት የሌለው ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚሻለውን ይመርጣል፣ ከቀሩት የሚሻለውን ይመርጣል፣ እንደገና ከቀሩት ይመርጣል፤ እንዲህ እያለ ሲጨርስ 2,016 ጊዜ አነጻጽሯል። በአንጻሩ ከ64ቱ አንደኛውን ብቻ ለማግኘት 63 ንጽጽር በቂ ነው። ምክንያቱም ከአንደኛው በቀር እያንዳንዱ አንድ ጊዜ መሸነፍ አለበት።

ሁለተኛውንስ? እዚህ ላይ የ«አሊስ» ተረቶች ደራሲ ሉዊስ ካሮል ይመጣል። የዕለት ሥራው ሒሳብ ማስተማር የነበረው ይህ ሰው በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ ቴኒስ ውድድር አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ተሸናፊ እየተሰናበተ በሚካሄድ ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ የተሸነፈው ሰው ሁለተኛ መባሉ ፍትሕ አይደለም አለ። እውነቱን ነው። እውነተኛው ሁለተኛ በመጀመሪያው ዙር ከሻምፒዮኑ ጋር ተገናኝቶ ተሰናብቶ ሊሆን ይችላል። በ64 ተወዳዳሪ ሻምፒዮኑ ስድስት ሰው ያሸንፋል፤ ሁለተኛው ከእነዚያ ከስድስቱ አንዱ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ አምስት ጨዋታ ቢጨመር በትክክል ይታወቃል። 63 እና 5፣ 68። ደረጃ ስንሰጥ የምናውቀውንና የምንገምተውን ለይተን እንድናይ ይህን ያህል የሚያስተምር ሌላ ስሌት አላየሁም።

በማግስቱ ለአዘጋጆቹ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ደረጃ አይውጣ፤ ስምንት ብቻ ይመረጥ፤ የቀሩት 56 ቁጥር ሳይለጠፍባቸው ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። «ልጆቹ ስንተኛ እንደወጡ ሊያውቁ ይፈልጋሉ» አሉኝ። አንድ የተማሪ አባት እንዲያውም ባንክ ድረስ መጥተው «ልጄ ቢወድቅም ስንተኛ ሆኖ እንደወደቀ ይነገረኝ እንጂ!» አሉኝ፤ ገንዘብ አውጥተው ሲጨርሱ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው። «አባባ፣ እኛም አናውቀውምኮ» አልኳቸው። እንደ ማምለጫ ቆጠሩት መሰለኝ፤ የተናገርኩት ግን እውነት ነበር። ስምንቱን ለማግኘት በሄድንበት መንገድ የልጃቸው ግጥም ከስምንቱ ውጭ መሆኑን ልናውቅ እንችላለን፤ አርባኛ ይሁን ስልሳኛ ግን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም። ያላነጻጸርነውን እንዳነጻጸርን አስመስለን፣ ያንንም በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስም አጠገብ መለጠፍ ከበደኝ።

መምህሩ ደገፉኝ። አዘጋጆቹም ካንገራገሩ በኋላ ተስማሙ፤ ነገር ግን ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ። «እንግዲያው አራት ከቢቸና፣ አራት ከሞጣ ይሁን፤ ከተሞቹም አይቀያየሙ።» ለጆሮ ደስ ይላል። እኔም የቢቸና ሰው ነኝና ኮታው አይጎዳኝም ነበር። ሞጣ ያለው ጓደኛዬ ግን በስልክ «ሞጣ አምስት ጥሩ ግጥም ካላት አምስተኛው ልጅ ምን በደለ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መውጫውን ያገኘነው ከዚያው ከመምረጥ ጥበብ ነው። እያንዳንዱ ከተማ አራት ሳይሆን ስምንት ስምንት ይምረጥ። በአንድ ከተማ ውስጥ ብቻ ስምንት የሚበልጡት ግጥም በሁለቱ ከተሞች ድምር ውስጥ ከስምንቱ ሊሆን ስለማይችል፣ በሁለቱ ስምንቶች ውስጥ እውነተኞቹ ስምንት ያለ ጥርጥር ይገኛሉ። አራት አራት ቢመጣ ግን ይህ ዋስትና የለም። ትላልቅ የኮምፒውተር ሥርዓቶች በብዙ ቦታ ተበትኖ ከሚገኝ መረጃ የተሻሉትን የሚሰበስቡት በዚሁ መንገድ ነው። እኛ ጋ የተበተነው በሁለት ፖስታዎች ውስጥ ነበር።

የቢቸናውን 37 መምህሩና እኔ እንዲህ አደረግነው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋንና ከመካከላቸው ደካማውን ለየን። ከዚያ እያንዳንዱን አዲስ መጪ ከዚያ ከደካማው ጋር ብቻ አነጻጸርን። ከእርሱ ካልበለጠ ወደ ጎን፤ ከበለጠ ቦታውን ይወስዳል፣ እኛም ከስምንቱ አዲሱን ደካማ እንፈልጋለን። ወረቀቶቹ እንደ አጋጣሚ በተደበላለቀ ተራ ከመጡ፣ ከ29ኙ አዳዲስ መጪዎች ጠረጴዛው ላይ የሚወጡት በአማካይ 12 ያህል ብቻ መሆናቸውን አስቀድሜ አስልቼ ነበር። በተግባር ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም፤ ማንበቡ በለጠብኝ። የገረመኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ ዓይናችን ሁልጊዜ ያረፈው በድንበሩ ላይ ባለው ግጥም ላይ ነው። ግሩሙን ግጥም አንድ ጊዜ አንብበን አልፈነዋል፤ ደካማውንም እንዲሁ። ስምንተኛና ዘጠነኛ ሊሆኑ የሚችሉትን ግን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ቤት አመታታቸውን እየቆጠርን አነበብናቸው። ለእነርሱም የሚገባቸው ይህ ነበር።

ቅዳሜ ጓደኛዬ የሞጣን ስምንት ይዞ በደብረ ወርቅ በኩል በአውቶቡስ መጣ። 16ቱን ሦስታችን አነበብን። እዚያ ላይ መደርደር የተባለው ነገር በሙሉ የቆመበት መሠረት ከእግራችን ሥር ሸሸ። ሦስት ግጥሞች ነበሩ፤ አንዱ ስለ ዓባይ፣ አንዱ አባቷ ስለሞተባት ልጅና ጦም ስላደረ መሬት፣ አንዱ የፍቅር። ሁለት ሁለቱን እያቀረብን ድምፅ ሰጠን። ዓባይ መሬቱን ሁለት ለአንድ አሸነፈ። መሬቱ ፍቅሩን ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ፍቅሩ ደግሞ ዓባይን ሁለት ለአንድ አሸነፈ! ማናችንም አልተሳሳትንም፤ ማናችንም ሐሳባችንን አልቀየርንም። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ በ1785 እ.ኤ.አ. የጻፈው እንቆቅልሽ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ምርጫ ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ የሦስቱ ድምር ክብ ሊሠራ ይችላል። የትኛውም የመደርደሪያ ስልት «ሀ ከለ፣ ለ ከመ ከበለጠ፣ ሀ ከመ ይበልጣል» ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ለብር ይሠራል፤ ለግጥም ሁልጊዜ አይሠራም።

አዘጋጆቹ እንደፈለጉት ደረጃ እናወጣ ቢሆን ኖሮ ከሦስቱ አንዱን በግድ አንደኛ አድርገን ሁለቱን ዝቅ ልናደርግ ነበር፤ ያም ፍርድ የሚወሰነው በማንበቢያ ተራው ብቻ ነበር። እኛ ግን የሚፈለግብን ስምንት ብቻ ነው። ሦስቱም ከሌሎቹ በግልጽ ይሻላሉና ሦስቱም ገቡ፤ ክቡም እንደተከበበ ቀረ።

በመጨረሻ ከስምንቱ አምስቱ የሞጣ፣ ሦስቱ የቢቸና ሆኑ። ከተማዬ ውስጥ ለሳምንታት ያህል «የሞጣ ዳኛ» ተባልኩ።

መደርደርን ያጣጣልኩ መስሎ እንዳይታይብኝ። ጥያቄው አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅ ከሆነ ምረጥ፤ በየቀኑ የሚጠየቅ ከሆነ አንድ ጊዜ ደክመህ ደርድር። ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን የኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ባያሳትሙልን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ቃል በፊደል ተራ ባይሰለፍ ኖሮ፣ አንዲት ቃል ለማግኘት መጽሐፉን በሙሉ እናነብ ነበር። የአንድ ሰው ድካም የብዙ ሺህ አንባቢን ድካም ተሸከመ። ከዚህ ሌላ በአገራችን ትልቁን መምረጥ የሚያካሂደው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ የሚቆረጠው ያለው ቦታ እየታየ ነበር፤ ማለትም ቦታው ስንት ነው ተብሎ በዚያ ላይ የተገኘው ተማሪ ውጤት ድንበር ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ድንበሩ አስቀድሞ 50 በመቶ ላይ ተተከለና ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። ሁለቱም መምረጥ ናቸው፤ ግን አንደኛው «ስንት ሰው?» ብሎ ይጀምራል፣ ሁለተኛው «ምን ያህል ዕውቀት?» ብሎ። በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ አንድ መሪጌታ ይህን ባጫወትኳቸው ጊዜ የትኛው እንደሚሻል አልተጠራጠሩም። «ቅኔ ወይ ይሞላል፣ ወይ ይጎድላል። ስንት ሰው ሞላለት ብሎ ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ። እኔ ግን መድረካችን የሚበቃው ለስምንት ሰው ነበርና በዚህ ከመሪጌታ ጋር አልተስማማሁም።

መሪጌታ ለሌላ ነገር ግን ጠቅመውናል። ስምንቱ ተመርጠው ካለቁ በኋላ ማን ቀድሞ ያንብብ የሚለው ቀረ። አዘጋጆቹ በዓይናቸው «አሁንስ ደረጃ ሊወጣ ነው» ሲሉ አየኋቸው። በስም ተራ ይሁን አልን። በየትኛው ተራ? የአማርኛ መምህሩ «በሀለሐመ ነዋ» አሉ። መሪጌታ ሳቅ ብለው ኪዳነ ወልድም ደስታም መዝገበ ቃላቶቻቸውን በአበገደ እንጂ በሀለሐመ አልደረደሩም አሉ። ይህም እውነት ነው። ስሙ በ«አ» የሚጀምር ልጅ ነበረን፤ በአበገደ ቀዳሚ፣ በሀለሐመ ከኋለኞቹ አንዱ የሚሆን። ሀለሐመ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

አንዲት የሞጣ ልጅ ግን ስሟን በግጥሟ ራስጌ በ«ሀ»፣ በፖስታው ጀርባ በ«ኀ» ጽፋ ነበር። ለጆሮ ያው ነው። በፊደል ገበታ ላይ ግን በ«ሀ» ከሆነች የመጀመሪያዋ አንባቢ ናት፤ በ«ኀ» ከሆነች ደግሞ ከመካከል ትገባለች። ባንክ ውስጥ የደንበኛ ስም ስፈልግ የሚገጥመኝ ችግር ነው፤ እዚያ እንዲያውም ስሙ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አንዱ ሰው ሦስት ዓይነት ሆኖ ይመጣል። መሪጌታ የስሟን ግእዛዊ ሥር ሊተነትኑልን ሲጀምሩ መምህሩ «ራሷን እንጠይቃት» አሉ። ደወልንላት። ጥቂት ዝም አለች።

«የፊተኛው የማን ነው?» አለች።

በ«ሀ» ከጻፈች የእርሷ እንደሆነ ነገርናት።

«እንግዲያው በብዙኃኑ ኀ ይሁንልኝ» አለች፤ ፕሮግራሙም እንደዚያ ታተመ።